በናስትሮ የተጠቀለለው ሽቦ

አያንቱ ሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮዋ ጎህ ሲቀድ ተነሣች። ፊቷን ታጠበች፤ ያደረ ዳቦ በሻይ ቀመሰች። የፈተና ወረቀቶቹን በፌስታል ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ጥቁር ነጠላዋን ደርባ ወጣች። ታኅሣሥ ነበርና ከገፈርሳ በኩል የሚነፍሰው ብርድ ጣት ያደነዝዛል። የመኪናዋን መስታወት በጨርቅ ስትጠርግ ከአጥሩ ማዶ ሰዓዲያ ልጆቿን ስትቆጣ ይሰማት ነበር።

ሁለቱን ግቢ በሚለየው የቆርቆሮ አጥር ላይ አንዲት ጠባብ በር አለች። የከፈቷት የአያንቱ ባል ቢቂላና የሰዓዲያ ባል ከድሩ ናቸው፤ በዋናው በር ዞሮ መሄድ ቢሰለቻቸው አንድ እሁድ ቆርቆሮውን በመቀስ ቆርጠው ማጠፊያ ገጠሙለት። መቀርቀሪያ ግን አላበጁላትም። ቢቂላ ካረፈ ወዲህ ለአያንቱ ከእሱ የቀሯት ነጯ ኮሮላና ይህች በር ናቸው። ኮሮላዋ ሰበታ ወደምታስተምርበት ኮሌጅ ታደርሳታለች። በሯ ደግሞ ሲመሽ ሰው ካለበት ቤት ታደርሳታለች።

በየማለዳው አያንቱ ሞተሩን ስታሞቅ ከድሩ ድምፁን ሰምቶ በዚያች በር ብቅ ይልና ከፊት ወንበር ይቀመጣል። አየር ጤና ላይ የመኪና አምፖል፣ ፊውዝና ሽቦ የሚሸጥበት ሱቅ ስላለው እግረ መንገዷን ታወርደዋለች።

ቁልፉን አዞረች። ከመሪው ፊት ያሉት የክሩስኮቱ መብራቶች በሩ፤ ሞተሩ ግን ዝም አለ። ደግማ አዞረች። ጠቅ የሚል ድምፅ እንኳ አልነበረም።

አያንቱ ከመኪናው ወርዳ ቆመች። መጀመሪያ ወደ አእምሮዋ የመጣው ባትሪው አልነበረም፤ ከድሩ ነበር።

ቅዳሜ ወደ ማታ በመስኮት ስታይ የመኪናዋን የሞተር ክዳን፣ ኮፈኑን፣ ከፍቶ አጎንብሶ ነበር። ምን እንደሚሠራ ስትጠይቀው «የባትሪው ውሃ ጎድሏል፣ እየጨመርኩልሽ ነው» አላት። ያን ጊዜ አመስግናው ገባች። አሁን ግን ያ ምስል ሌላ መልክ ይዞ ተመለሰባት። ከሐዘኑ በኋላ «መኪናዋን የምትሸጫት ከሆነ ቀድመሽ ለእኔ ንገሪኝ» ማለቱም ትዝ አላት። ሰሞኑን በከተማው ሁሉም ሰው ሌላውን በጎን ያያል። አዲስ አበባን የሚያሰፋው ማስተር ፕላን መጣ ከተባለ ወዲህ መሬቱ ማታ ማታ ይለካል ይባላል፤ ተማሪው ለተቃውሞ ወጥቷል፣ ወታደሩ ገብቷል። ማን ከየት መጥቶ እንደሰፈረ ዱሮ ማንም አይጠይቅም ነበር፤ ዛሬ ግን በየደጁ ይነሣል። ባለፈው ዓርብ ለቅሶ ቤት አንዲት ሴት ጆሮዋ ድረስ ተጠግታ «ነጋዴዎቹን እንዳታምኚ፤ ወሬ የሚያመላልሱት እነሱ ናቸው» ብላታለች። አያንቱ ተነሥታ ሌላ ቦታ ተቀመጠች። ቃሉ ግን አብሯት ወደ ቤት ገብቶ ነበር።

እሁድ መኪናዋ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። አማቷ ኦቦ ቦጂያ ከዓለም ገና ሊጠይቋት መጥተው ነበር። ምሳ ከበሉ በኋላ እንደ ልማዳቸው ብቻቸውን መኪናዋ ውስጥ በልጃቸው መቀመጫ ላይ ቆዩ። እሳቸው እዚያ ሲቀመጡ አያንቱ መጋረጃውን ትዘጋለች። ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፣ እንባቸውንም አታይም፤ ያደገችበት ወግ ይኸው ነው። የሚነጋገሩትም በሰው በኩል ነበር፤ ዱሮ በቢቂላ፣ አሁን በከድሩ። «ከድሩ፣ ደኅና ሰንብች በልልኝ» ብለው ነበር የሄዱት።

በሯ ሲጥ አለች።

«አካም ቡልቴ» አለ ከድሩ እንደ ወትሮው በኦሮምኛ ሰላም ብሏት፣ የሱቁን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ። «ዛሬ ድምፅ ብጠብቅ ብጠብቅ ጠፋ። አኮረፈችሽ እንዴ?»

«አልነሣ አለች።»

«እስቲ ኮፈኑን ክፈቺልኝ።»

«ተወው። ራሴ አያለሁ።»

ከድሩ የዘረጋውን እጁን ወደ ኪሱ መለሰ።

ቢቂላ መኪና አልነሣ ሲል አይቸኩልም ነበር። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ፤ መኪና ደግሞ ከባትሪው» ይልና አያንቱን አጠገቡ አቁሞ ያሳያት ነበር። እሷም ዛሬ እንደሱ ከባትሪው ጀመረች። የፊት መብራቱን አበራች፤ ግድግዳውን ወግቶ ቆመ። ቁልፉን ስታዞር መብራቱ ቅንጣት አልደበዘዘም። ክላክሱን ነካችው፤ ጎረቤቱን ሁሉ ቀሰቀሰ። ባትሪው ሙሉ ነው ማለት ነው። የሽቦዎቹን ማሰሪያ ነቀነቀች፤ ጠብቀዋል። ፊውዞቹን አንድ በአንድ እያወጣች ወደ ብርሃን ዘረጋቻቸው፤ የተቃጠለ የለም። እንግዲህ ኃይል አለ፤ ሞተሩን የሚያዞረው ሞተሪኖ ግን ተነሥ የሚለው ትእዛዝ አልደረሰውም።

«ሰዓዲያን ጥራልኝ» አለች ቀና ሳትል። «ቁልፉን ታዙርልኝ።»

«እኔ ቆሜ?»

«እሷ ታዙርልኝ።»

ሰዓዲያ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጥታ መሪው ፊት ተቀመጠች። «እኔ መሪ ከጨበጥኩማ ጅማ ሳልደርስ የምቆም እንዳይመስልሽ» አለች። አያንቱ አልሳቀችም። የቢቂላን መፈተሻ፣ ሁለት ሽቦ የተበየደባትን ትንሽ አምፖል አወጣች። አንዱን ጫፍ ከሞተሪኖው ቀጭን ሽቦ፣ ሌላውን ከመኪናው ብረት ጋር አገናኘች።

«አዙሪ።»

አምፖሏ አልበራችም።

ትእዛዙ የጠፋው ከቁልፉ እስከ ሞተሪኖው ባለው መንገድ ላይ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ ቢቂላና ከድሩ ሌባ እንዳይወስዳት ብለው የደበቁት ማብሪያ አለ። ወለሉ ላይ ተንጋላ በስልኳ መብራት ከክሩስኮቱ ሥር አየች። ማብሪያው እንደበራ ነው። ከኋላው ግን አንደኛው ሽቦ ተነቅሎ፣ ጫፉ ከብረት እንዳይነካካ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል። የናስትሮው ጫፍ ኋላ በቀላሉ እንዲላጥ ወደ ውስጥ ታጥፏል።

አይጥ እንዲህ አይሠራም። ሌባም ለመኪናው ደኅንነት አይጨነቅም። ይህ ሥራውን የሚያውቅ፣ ተመልሶ ሊፈታው ያሰበ ሰው እጅ ነው። ነቅሎ፣ አስቸግሮ፣ በኋላ «እኔ ልሥራልሽ» ሊል ያሰበ ሰው።

ተነሥታ ሽቦውን አሳየችው።

«ይህን ማብሪያ የሚያውቀው ማን ነው፣ ከድሩ?»

ከድሩ ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱ ተለወጠ። «ቢቂላ ያውቀው ነበር። እኔ አውቀዋለሁ። አንቺም።»

«ቢቂላ አፈር ውስጥ ነው። እኔ አልነቀልኩትም።»

«እንግዲህ እኔ ነኝ?»

«ቅዳሜ ኮፈኑን ከፍተህ ነበር።»

«ውሃ ልጨምር። ወላሂ አያንቱ፣ ከዚያ ሌላ አልነካሁም።»

ዝም ብትል ነገሩ እዚያ ላይ ሊቆም ይችል ነበር። በሯ ከከድሩ ትከሻ በስተኋላ ገርበብ ብላ ትታያታለች፤ የምትናገረው ቃል ወዴት እንደሚሄድም ገብቷታል። የለቅሶ ቤቷ ሴት ድምፅ ግን ከአፏ ወጣ።

«አገር ሲታመስ የማን ንብረት ለማን እንደሚቀር እናንተ ነጋዴዎች አስቀድማችሁ ታስባላችሁ።»

ሰዓዲያ ከመኪናው ወረደች። ከድሩ የሱቁን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ሽቦውን ከመመለስሽ በፊት ባትሪውን ንቀይ» አላት። «እሳት እንዳያስነሣ።»

ከዚያ በዋናው በር ወጣ። በዚያ በኩል ወጥቶ አያውቅም ነበር። ሰዓዲያም አንድ ቃል ሳትናገር በጠባቧ በር ገብታ ከኋላዋ ዘጋቻት።

አያንቱ ናስትሮውን ላጠች፤ እንደታሰበውም በቀላሉ ተላጠ። ሽቦውን ቦታው መልሳ ቁልፉን ስታዞር ሞተሩ ባንዴ ተነሣ። የግቢውን በር ከፍታ ማርሽ ልታስገባ ስትል ስልኳ ጮኸ። «የቢቂላ አባት» ይላል። ለእሷ ደውለው አያውቁም፤ የሚደውሉት ለከድሩ ነው።

«አቤት አባ፤ ደኅና አደሩ?»

«ልጄ፣ የምሰማው የማን ሞተር ነው?»

«የእኛው ነው።»

ሽማግሌው ትንፋሻቸውን ሳቡ። «ሽቦውን ማን መለሰው?»

አያንቱ መሪውን ያዘች።

«እኔ ነኝ የነቀልኩት» አሉ ኦቦ ቦጂያ። «ዛሬ ዓለም ገና ላይ መንገዱ ተዘግቷል። እንደ አንቺ የአዲስ አበባ ታርጋ ያለውን አያሳልፉም። አስቀድመው የነገሩኝ የሚዘጉት የሰፈር ልጆች ናቸው፤ ከአፌ እንዳይወጣ አስምለውኛል። በከድሩ በኩል ላስነግርሽ አሰብኩ፤ ነገሩ በእሱ አፍ ካለፈ ነገ ወታደሮቹ ከየት ሰማህ ብለው ይይዙታል ብዬ ፈራሁለት። ከአንቺ ጋር ደግሞ መች ፊት ለፊት ተነጋግረን እናውቃለን።»

«ማብሪያውን እንዴት አወቁት?»

«የእህል መኪና ስነዳ እኔም ነበረኝ። ለቢቂላ ያሳየሁት እኔ ነኝ። በይ ሞተሩን አጥፊ፣ ልጄ። ስታጠፊው ልስማ።»

አጠፋችው። እስኪዘጉ ድረስ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቆየች።

ቀትር ላይ ኮሌጁ ፈተናው መተላለፉን አስታወቀ። ወደ ማታ ዓለም ገና ላይ መኪና መቃጠሉ ተሰማ፤ ከድሩ ግን ከአየር ጤና በእግሩ ደኅና መግባቱን ከአጥሩ ማዶ በድምፁ አወቀች። ሄዳ በሯን ገፋቻት። ከወዲያ በኩል ከባድ ነገር ተደግፎባታል።

«ሰዓዲያ፣ እኔ ነኝ።»

«አውቄሻለሁ።» ድምፅዋ ቅርብ ነበር፤ በሯ ግን አልተንቀሳቀሰችም። «አባባ ቦጂያ ደውለው ለከድሩ ነግረውታል።»

«ይቅርታ ልለው ነው።»

«ይቅር ብሎሻል። እሱ ቂም አይችልበትም።» የሰዓዲያ ድምፅ ዝቅ አለ። «አያንቱ፣ ያ ቃል እኮ ለእኛ አዲስ አይደለም። ገበያ ላይ እንሰማዋለን፣ ታክሲ ውስጥ እንሰማዋለን። የውጭ ነው ብለን ውጭ እንተወው ነበር። በዚህች በር ግን ገብቶ አያውቅም።»

«አፌ ነው፣ ሰዓዲያ።»

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በይ ብርድ ነው፣ ቤትሽ ግቢ።»

መንገዱ የተከፈተ ዕለት አያንቱ ሞተሩን አስነሥታ ከሚያስፈልገው በላይ አሞቀችው። ማንም አልመጣም። አስፋልቱ ላይ ስትደርስ ከድሩ ታክሲ ሲጠብቅ አየችው፤ አጠገቡ አቆመችና የፊቱን በር ከፈተችለት።

«እንዴት አደርሽ» አለ በትሕትና፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «አንቺ ሂጂ፤ ሰው እየጠበቅኩ ነው።»

በመስታወት ስታየው ብቻውን ታክሲ ውስጥ ገባ።

በተከታዩ እሁድ ከአጥሩ በኩል የመዶሻ ድምፅ ሰማች። መጋረጃውን ዘጋች፤ ሲያበቃ ከፈተችው።

ኮሮላዋ አሁን የተደበቀው ማብሪያ ወጥቶላት በአንድ ቁልፍ ብቻ ትነሣለች። ኦቦ ቦጂያም ሲፈልጓት በቀጥታ ለእሷ ይደውላሉ። በአጥሩ ላይ ግን አዲስ ቆርቆሮ ተመትቷል፤ በር የለም።