የግራኙ ብየዳ

መኪናዋ ራቁቷን ቀርታለች። በር የላት፣ መስታወት የላት፣ ወንበር የላት። ግቢው መሃል በተደረደረ የእንጨት ጉማጅ ላይ ተቀምጣ፣ ቀለሟ ከአንዲት ቦታ በቀር ተፍቆ አልቆ፣ ብረቷ ብቻ ገና እንደተገዛ ድስት ያብረቀርቃል። ድሮ ነጭ ነበረች። ከዚያ ሰማያዊ ሆነች። መጨረሻ ላይ ደግሞ ቀቢው ራሱ ስሙን የማያውቀው ቡናማ ነገር ተቀባች። አሁን ሁሉም ዱቄት ሆኖ መሬት ላይ ፈሷል፤ አንድ እፍኝ የሚሆነው ደግሞ ብሎን ፀጉር ውስጥ ገብቷል።

ብሎን የሚሏት የቤቱን ልጅ ነው። አጭር ናት፣ ድንቡሽቡሽ ያለች ናት፣ አንዴ ከጠበቀች ደግሞ በምንም ቁልፍ አትፈታም። ስሙን ያወጣላት የእናቷ ወንድም ነው። እሱ ራሱ ጋሼ ጭስ ነው የሚባለው፤ ሞተር ሠሪ ነውና ሰውየው ከመድረሱ በፊት ሽታው በር ያንኳኳል። አባቷ ግን ቅጽል የለውም። ባትላሜራ ነው፤ የተጨማደደ የመኪና አካል በመዶሻ አባብሎ ቀጥ የሚያደርግ፣ ሰው ማባበል ግን የማይሆንለት። ቅጽል ሊያወጣለት የደፈረ የለም።

መኪናዋ የእናቷ ናት። የሰፈሩን ሕፃናት ጠዋት ትምህርት ቤት ታደርስባታለች፣ ከሰዓት ትመልስባታለች። ሞተሩ ነክሶ፣ አልዞርም ብሎ መንገድ ላይ ቀጥ ካለች ወዲህ ልጆቹ በዋናው መንገድ ዳር፣ ከከባድ መኪና ጋር እየተጋፉ በእግራቸው ይሄዳሉ። እናቶቻቸውም ባገኟት ቁጥር «መቼ ነው?» ይሏታል። ስለዚህ ጋሼ ጭስ ከተገለበጠ ፒካፕ የወጣ የናፍጣ ሞተር አፈላልጎ አመጣ። አባቷ ደግሞ «ዝገት ላይ ሞተር አልጭንም፤ እስከ ብረቷ ትፈታ» አለ። ተፈታች።

አዲሱ ሞተር ከባድ ነው። ከድሮው ጋር ጎን ለጎን መሬት ላይ ሲቀመጡ ጋሼ ጭስ ዞር ዞር ብሎ አያቸውና፣

«ያኛው ቤንዚን ጠጥቶ የሚጨፍር ነበር፤ ይሄኛው በልቶ የሚተኛ ነው» አለ። «ታፋውን እዩት እስቲ!»

«ታፋውን ተወውና የት እንደሚያርፍ ንገረኝ» አለ አባቷ።

የት እንደሚያርፍ ተለካ። የሞተሩ ክንዶች ከድሮው ቦታ ጋር አይገጥሙም፤ በቀኝም በግራም አዲስ መቀመጫ ከወፍራም ብረት ተቆርጦ የመኪናዋ አጽም በሆነው ሻንሲ ላይ መበየድ አለበት። የቀኙ ችግር የለውም። የግራው ግን የሚያርፈው ድሮ ባትሪ ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ ልክ ሥሩ ላይ ነው። መኪናዋ ሁለመናዋ ሲፋቅ ብሎን ያላስነካችው ያቺን ቦታ ብቻ ነበር። «እደርስበታለሁ» እያለች ስትሸሻት ከረመች። እዚያ ሥር ምን እንዳለ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ታላቅ ወንድም ነበራት። በግራ እጁ ስለሚሠራ ሰፈሩ ሁሉ ግራኙ ይለው ነበር። አባቷ ወገቡን ታሞ የተኛ ጊዜ ነው፤ ግራኙ ኮፈኑን ከፍቶ ሲያይ የባትሪው አሲድ ሻንሲውን በልቶ ቀዳዳ አውጥቶበታል። እሱ ደግሞ ገና ብየዳ መልመዱ ነው። ላሜራ ቆረጠ፣ ብሎንን አምፖል አስያዘ፣ በየደበት፣ ቀለም ቀባው። «ለአባዬ እንዳትነግሪው» አላት። «አንድ ቀን ራሱ ያገኘዋል። ያኔ ምን እንደሚል እንሰማለን።»

ያ ቀን ሳይመጣ ግራኙ ታመመ፤ ክረምቱ ሳይወጣም ሞተ። አልጋው ተነሳ፣ ልብሱ ለዘመድ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ አባቷ ስሙን አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም።

እንግዲህ ብሎን ፋቀችው። ሌላ ምን ታድርግ? መቀመጫው ተቆርጦ ተዘጋጅቷል፣ ሞተሩም በሰንሰለት ታስሮ እየጠበቀ ነው። ቡናማው ተነሳ፤ ከሥሩ የሰው መዳፍ የምታክል ላሜራ ብቅ አለች። ዙሪያዋን የብየዳው መስመር እየወፈረ እየቀጠነ ዞሯታል። የብየዳ መስመር እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተደራረበ ነው የሚሄደው፤ የአባቷ ሁልጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ይሄኛው ከቀኝ ወደ ግራ ሄዷል።

አባቷ መጥቶ አጎነበሰ። መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

«መቼ ነው?»

«ወገብህን የታመምክ ጊዜ።»

«አንቺ ነበርሽ?»

«አምፖል ይዤለታለሁ።»

ጋሼ ጭስ የሆነ ቀልድ አፉ ላይ አድርጎ እየመጣ ነበር፤ አባቷን ሲያይ ከነምራቁ ዋጠው።

እናቷ የሻይ ብርጭቆ ለመሰብሰብ ስትወጣ ሁሉም ላሜራዋን ከበው ቆመው አገኘቻቸው። ማንም አልነገራትም፣ እሷም አልጠየቀች። ብርጭቆዎቹን መሬት ላይ አስቀምጣ እጇን ላሜራው ላይ አሳረፈች። በዚህ ግቢ ራቁት ብረት በባዶ እጅ አይነካም፤ ላብ ጨው አለውና የተነካው ቦታ ዝጎ ያድራል። ብሎን አንዴ ረስታ በሩን ብትደገፍ አባቷ እንደ ሌባ ነው የጮኸባት። ያን ቀን ግን ትንፍሽ አላለም። በማግስቱ የእናቷ አምስት ጣት ከነመዳፉ ቀይ ሆኖ ብረቱ ላይ ወጥቶ ነበር። አባቷ በብርጭቆ ወረቀት አነሳው፤ ግን እንደ ልማዱ ፈገፈገው አይባልም፣ የሕፃን ፊት የሚጠርግ ነበር የሚመስለው።

ከዚያ መቀመጫውን አልበየደም። ሄዶ የቀይ አንቲሩጂኒ ጣሳ ከፈተ፤ ዝገት የሚከላከለው የመጀመሪያ ቅብ ነው። ብሩሹን ነክሮ ወደ ላሜራው ሲሄድ ብሎን ፊቱ ቆመች።

«አባዬ፣ አልተመታም እኮ።»

ግቢው ሕግ አለው። ብየዳ ሲያልቅ በመዶሻ ይመታል። የያዘ ከሆነ እንደ ደወል ይጮሃል፤ ያልያዘ ከሆነ እንደ ጆንያ ድፍ ይላል። ታዲያ የበየደው ሰው የራሱን አይመታም፤ ለራሱ ሥራ እጁ ይራራል። ሌላ ሰው ይመታለታል፣ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይሰማል። ሕጉን ያወጣው አባቷ ነው። በዚህ ሕግ የስንቱን ሥራ አስፈርሷል!

«ቆይቷል እኮ፤ ይዟል» አለ።

«የድሮውን ሞተር ነው የያዘው። ያ ደግሞ እዚህ ጋ አያርፍም ነበር።»

«ይዟል አልኩሽ!»

«ስንት ሕፃን እንደሚጫንባት ታውቃለህ። እማዬ ናት የምትነዳው። ሞተሩ መንገድ ላይ ዘጭ ቢል...»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ሰብስቢ» አለ ጋሼ ጭስ ቀስ ብሎ። ወደ አባቷም ዞረ። «ግን እኮ ልክ ናት። ይሄ ሞተር ሲነሳ እንደ ወባ በሽተኛ ነው የሚንቀጠቀጠው።»

አባቷ ብሩሹን አላስቀመጠም። ቀዩ ቀለም ጫማው ላይ ይንጠባጠባል። በሕይወቱ መጥፎ ብየዳ አሳልፎ የማያውቅ ሰው ነው፤ ለባለሥልጣን መኪናም፣ ለገዛ ወንድሙም።

«የኔ ነው በሉ» አለ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ የበየድኩት። የኔን ብየዳ መቼ ነው ተጠራጥራችሁ የምታውቁት?»

ጋሼ ጭስ መሬት መሬት አየ። ብሎን ግን፣ ስሟን ያወጣላት ሰው አልተሳሳተም፣ ሄዳ መዶሻውን ከመስቀያው አወረደች።

«ያንተ ከሆነ ዙር» አለችው።

«ምን አልሽ?»

«የበየደ ሰው አይመታም። ዙርና ስማ። እኔ ነኝ የምመታው።»

«ብሎን!» አለ ጋሼ ጭስ።

አባቷ አያት። በጥፊ የሚላት መስሏት አንገቷን ሰበር አደረገች። ከዚያ ብሩሹን ጣሳው ላይ አጋድሞ፣ ሄዶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በገዛ ሕጉ ነው የተያዘው፤ ምን ይበል?

ብሎን ላሜራውን አየችው። ምላሷ እንደሚያወራው አልነበረም ልቧ። ወንድሟ ያን ዕለት ብረቱን እንዳይበሳው ፈርቶ ኤሌክትሪኩን ዝቅ አድርጎ እንደነበር ታስታውሳለች፤ ዝቅ ያለ ደግሞ ዘልቆ አይገባም። እሳቱ ሲንጣጣ እየሳቀ «አይተሻል? አይተሻል?» ይላት ነበር። ከዚያ ልጅ በዚህ ዓለም ላይ የቀረው ይሄ የእጁ ሥራ ነው። በሱ ላይ ነው መዶሻ ያነሳችው። ጩህ ወንድሜ፣ አለች በሆዷ። አፈር ስሆን፣ ጩህላቸው።

መታችው። ላይኛው ጠርዝ ላይ ነው ያሳረፈችው። ጮኸ።

«ጮኸ! በቃ፣ ጮኸ!» አለ ጋሼ ጭስ እጁን አጨብጭቦ።

የአባቷ ትከሻ ዝቅ አለ፤ ከታችኛው ጠርዝ ግን፣ መቀመጫው ከሚያርፍበት፣ ገና ምንም አልተሰማም። ሁሉም ያውቃሉ። እዚያ ላይ ብታቆም የሚናገራት አልነበረም። መዶሻውን አዞረችና ታችኛውን መታች።

ድፍ።

ደገመች። ድፍ። በሦስተኛው የብየዳው መስመር እንደ ከንፈር ተላቀቀ፤ ላይ ላዩን ተኝቶ ነበር እንጂ ብረቱ ውስጥ አልገባም ነበር። ከስንጥቁ የዝገት ዱቄት ፈሰሰ።

«አልያዘም» አለች። ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት።

«ጠንከር አድርገሽ መተሽው ነው» አለ አባቷ ከግድግዳው ሳይዞር።

«አባዬ፣ ተከፍቷል።»

«ጠንክረሽ ነው!»

«አንተ» የሚል ድምፅ ከወደ በሩ መጣ። እናቷ ናት፤ መቼ እንደወጣች ያያት የለም። የሻሿን ጫፍ ጨብጣ ቆማለች። «ያኔ ስንት ዓመቱ ነበር?»

እናቷ ወደ መኪናዋ ተጠጋች።

«አሥራ አምስት አልሞላውም። እኔ ነኝ የወለድኩት፣ አውቃለሁ። ይሄን ሁሉ ሞተር ልታሸክመው ነው? የሰው ልጆችን በሙሉ ልታሸክመው? ሰው ቢሞትበትስ፣ ስሙ በምን ሊነሳ ነው?» ድምጿ ተሰበረ፣ ግን አላቆመችም። «አውርድለት። ልጄን አሳርፈው።»

አባቷ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ጀርባው ሲንቀጠቀጥ ብሎን አየች፤ ያንን ጀርባ ቀብር ላይ እንኳ እንደዚህ ሲሆን አላየችውም። ጋሼ ጭስ ተነስቶ ሊይዘው ቃጣውና ተወው። ማልቀስ ለለመደ ሰው ነው መያዝ። ጠበቁት።

ሲዞር ፊቱ ላይ የግድግዳው ኖራ ነበር። መጥቶ ስንጥቁን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«ምን እንደምትል ሊሰማ ፈልጎ ነበር» አለችው ብሎን። «ለዚህ ነው አትንገሪው ያለኝ። አንተ ስታገኘው ምን እንደምትል።»

አባቷ አውራ ጣቱን ከስንጥቁ አነሳ።

«‹አፍርሰው፣ እንደገና ሥራው› ነበር የምለው።»

«ይሄን ብቻ?»

«ለሁሉ አልልም እኔ። የማይሆንለት ሰው ከሆነ ዝም ብዬ ራሴ እሠራዋለሁ።»

«እውነቱን ነው» አለ ጋሼ ጭስ፣ ዓይኑን በቅባት እጁ እየጠረገ፣ ፊቱን እያጠቆረ። «እኔን እስካሁን አንድም ቀን አፍርሰው ብሎኝ አያውቅም።»

እናቷ እያለቀሰች ሳቀች።

አባቷ ራሱ ቆረጠው። ላሜራዋ ስትወድቅ ከሥሯ ያለው ቀዳዳ ታየ፤ አሲዱ ተሸፍኖም መብላቱን አልተወም ነበር፣ ሁለት እጥፍ ሆኗል። ንጹሕ ብረት እስኪያገኝ ድረስ ዙሪያውን አነሳው። ቁራጯን ወደ ውዳቂው ብረት የወረወራት የለም፤ እናቷ እስክትበርድ ጠብቃ ይዛት ገባች።

አዲሱን ላሜራ አባቷ ለካ፣ ቆረጠ፣ ገጠመ። ከዚያ የብየዳውን የፊት መከላከያ ለብሎን ወረወረላት።

«እኔ?»

«ኤሌክትሪኩን ከፍ አድርጊው። አትፍሪ፤ ቢበሳም እንደፍነዋለን።»

በየደች። መስመሩ ውበት የለውም። አባቷ አንድ ቦታ አስፈርሷት እንደገና ሠራች፤ ዓይኗ እንባ እያቀረረ ፈገግ አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፣ አባቷ መታው፤ ጮኸ። ሁለቱ መቀመጫዎችም ተበየዱ።

ሞተሩን ጋሼ ጭስ በሰንሰለቱ ቀስ እያደረገ አወረደው። «ግባ የኔ ወፍራም፣ ግባ፣ ሆድህን ሰብስብ» እያለ። ብሎን ከጎን እየገፋች ክንዶቹን ከመቀመጫዎቹ አገጠመች። አባቷ መሬት ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ እጁን ከግራው ሻንሲ ሥር ዘርግቶ ብረቱን በመዳፉ ይዞታል።

«ውጣ እንጂ አንተ ሰው፣ ሊጫን ነው!»

«ልቀቀው» አለ አባቷ።

ሰንሰለቱ ላላ። መኪናዋ አፍንጫዋን ዝቅ አደረገች፣ ጉማጁ ሲጥ አለ፣ ቆመች። አባቷ ከሥር መዳፉን ሳያነሳ ቆየ።

«ተሸክሟል» አለ።

እናቷ ከበሩ ላይ ሆና ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ገና መስታወት የሌላት፣ ገና ቀለም የሌላት መኪናዋን።

«በሮቹን መቼ ነው የምትገጥሙልኝ ታዲያ?» አለች። «ልጆቹ አርፈው አይቀመጡም፤ ያለ በር በየመንገዱ ነው የሚንጠባጠቡብኝ።»