የዐፊፋ ብርቅዬ መሬት

ዐፊፋ በአባቷ ወርቅ ቤት ባንኮኒ ላይ ሁለት ድንጋዮች አስቀምጣ የላቦራቶሪ ውጤታቸውን የሚነግራትን የጥናት አማካሪዋን ስልክ ትጠብቃለች። አንዱ ጠንካራና የሚያብለጨልጭ ነው። ሌላው ሲነኩት የሚፈርስ፣ ነጣ ቀላ ያለ ጓል። ሁለቱንም ለጂኦሎጂ ጥናቷ ከአንድ ተራራ ነው ያመጣችው።

አባቷ ጋሽ እንድሪስ ፒያሳ ውስጥ ወርቅ ሲያቀልጡ የሸበቱ ሰው ናቸው። «ጓሉ ባዶ ከሆነ ድንጋይ ለቀማው ይበቃሻል፤ ከባንኮኒው ጀርባ ትቆሚያለሽ» ብለዋል፤ እሷም እሺ ብላ ቃል ሰጥታለች። ምን አፏን ከፈተው! ወርቅ ቤቱን እንደሆነ ትወደዋለች፤ የፈራችው ዕድሜ ልኳን እዚያ መቆሙን ነው።

«እኔ መዳብ የበዛበት ወርቅ ከደጄ አላስገባም፤ ልጄ የበሰበሰ ድንጋይ ተሸክማ ትመጣለች» አሉ ጋሽ እንድሪስ ጓሉን በጣታቸው ገፋ አድርገው።

«አባ፣ ቁም ነገሩ መበስበሱ ላይ እኮ ነው! ይሄም እንደዚያኛው ጠንካራ ነበር። ዝናብ ስንት ዘመን ሲያጥበው ፈርሶ ሸክላ ሆነ። በድንጋዩ ውስጥ ተበታትኖ የነበረው ማዕድን ደግሞ ተፈትቶ ሸክላው ላይ ይለጠፋል። ካልበሰበሰ አይሰበሰብም።»

«ካልበሰበሰ አይሰበሰብም!» ጋሽ እንድሪስ ሳቁ። «ጂኦሎጂ ነው ወይስ ቅኔ ቤት ነው የላክሁሽ?»

ስልኩ ጮኸ። ዐፊፋ አዳመጠች፣ ከወንበሯ ተነሣች፣ ከዚያ ደጅ ወጥታ «አገኘሁ! ብርቅዬ መሬት አገኘሁ!» ብላ ጮኸች።

ብርቅዬ መሬት ለስልኩም ለኤሌክትሪክ መኪናውም የሚፈለጉ ማዕድናት መጠሪያ ነው። በዚያ ደጅ ይህን የምታውቀው ግን እሷ ብቻ ነበረች። ግማሹ ፒያሳ ፈርሶ በሚሠራበት በዚህ ጊዜ፣ «መሬት» ሲባል ጆሮውን የማያቆም የአራዳ ሰው ከየት ይመጣል?

ከጎን ካለው ካፌ ባለቤቷ እትዬ የሺዓለም የማኪያቶ ብርጭቆ እንደያዙ ወጡ። «እልልል! የእንድሪስ ልጅ መሬት አገኘች!» ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ወሬው ራስ መኮንን ድልድይ ሳይደርስ አልቀረም።

«ስንት ካሬ ነው?» አለ ሰዓት ጠጋኙ ካሣሁን እየሮጠ መጥቶ።

«የምን ካሬ? ተራራው በሙሉ ነው!» አለች ዐፊፋ፤ ደስታ ጆሮዋን ደፍኖታል።

«ተራራ! ካርታስ አለው?»

«አለው እንጂ! ራሴ ነኝ የሳልኩት!»

እትዬ የሺዓለም እልልታቸውን ዋጡት። ካሣሁን ግራ ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ፎርጂድ ነው እንዴ? ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው ይታሰርበታል» አላት።

ተከትለዋት የወጡት ጋሽ እንድሪስ ፊታቸው ተለዋወጠ። ክንዷን ይዘው ወደ ውስጥ ጎተቷት። «ምን አድርገሽ ነው? መሬቱ ይቅርብን ልጄ! ሱቁም ይቅር፣ ድንጋይሽን ልቀሚ፤ አንቺ ብቻ በሰላም ኑሪልኝ!»

ነገሩ የገባት ያኔ ነው። ባንኮኒው ላይ ተደፍታ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ተከትሏት ለገባው ጎረቤት ሁሉ የተራራውን ካርታ ዘረጋች፤ ጠንካራው ድንጋይ በግራጫ፣ የበሰበሰው በሮዝ ቀለም ተስሏል። «መሬቴ ይሄ ነው» ብላ ጓሉን ከፍ አደረገችው። «ማዕድኑ ከጠንካራው ይልቅ እዚህ ውስጥ ነው የተትረፈረፈው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ የሺዓለም የዋጡትን እልልታ መልሰው አወጡት፤ ማኪያቶውም ለሁሉም በነፃ ሆነ።

ጋሽ እንድሪስ «አልሐምዱሊላህ» ብለው በረጅሙ ተነፈሱ። ጓሉን እንዳይፈርስ በሁለት እጃቸው ከእጇ ተቀበሉ፣ ከመስታወቱ ሣጥን ውስጥ አንድ የአንገት ሐብል አንሥተው ጓሉን በቦታው አስቀመጡት።

«ነገ ከዚህ ባንኮኒ ጀርባ እንዳላይሽ» አሏት።

በማግሥቱ ቀለበት ልትመርጥ የመጣች ሙሽራ በመስታወቱ ውስጥ ጓሉን አይታ «ይሄስ ስንት ነው?» ስትል ጠየቀች።

«እሱ አይሸጥም» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «የልጄ መሬት ነው። ካርታም አለው።»