የባሕር ወለሉ አንገት

ለመሆኑ ብረት እንደ ሰው ይደክማል? እማማ ማልፍሪድ ድስቱን እያማሰሉ ከራሳቸው ጋር ሲሟገቱ አረፈዱ። በእርግጥ የሚያውቁት የልጅ ልጃቸው አይቪንድ ከምሳ በኋላ በሄሊኮፕተር ባሕር ላይ ወዳለው የጋዝ ቁፋሮ መርከብ ሊሄድ መሆኑን፣ እኅቱ ራንዲ ደግሞ «አትሂድ» እያለች መለመኗን ነው።

ሐሙስ ነውና በደሴቲቱ ደንብ የድንች ድቡልቡልና በጨው የከረመ የበግ ሥጋ ቀርቧል። በጠረጴዛው ራስ የተቀመጠው ልጃቸው አስላክ ነው። የቁፋሮው አለቃ እሱ ነው፤ አይቪንድና ራንዲም የሚሠሩት ከእሱ ሥር ነው።

«እስቲ ለአያትሽ ንገሪያት» አላት ራንዲን እያኘከ። «ብረት ታመመ ትላለች፣ የኛ ሐኪም!»

«ማዕበሉ መርከቡን ባወዛወዘው ቁጥር ከመርከቡ የወረደው ቱቦ ከታች የባሕሩ ወለል ላይ ያለውን የጉድጓዱን የብረት አንገት ያጎብጠዋል፣ እማማ። ሽቦ እያጠፉ ሲመልሱት ይበጠስ የለ? እንደዚያ ነው። የድሮዎቹ ባለቤቶች አራት ክረምት ቆፍረውበታል። አጎቴ ግን ዕድሜውን የቆጠረው እኛ ከገዛነው ቀን ጀምሮ ነው።»

«ቤት የገዛ ሰው የድሮውን ሰውዬ ጉንፋን ይቆጥራል እንዴ?» አለ አስላክ።

አይቪንድ ከት ብሎ ሳቀ።

«ሳቅ!» አለችው ራንዲ። «አንገቱ ላይ የነበረው መለኪያ ብረቱ ካሰብነው በላይ እንደሚጎብጥ ሲያሳይ አጎቴ አስነቅሎታል። ቢሰበር ጋዙ የሚፈነዳው ከእግርህ ሥር ነው።»

የአይቪንድ ፊት ጠቆረ። «እውነት ነው አጎቴ?»

«መለኪያውም እንደሷ ድንጉጥ ነበር። እናታችሁም እንዲሁ ነበረች። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር በር ስትቆልፍ ኖራ አልጋዋ ላይ ሞተች። ምን ተረፋት?»

እማማ ማልፍሪድ ክው አሉ። የሞተችው ልጃቸው ናት። ግን ምን ይበሉ? የቀራቸው አስላክ ብቻ ነው፤ ሲቆጣ ደግሞ ወራት ሙሉ ደጃቸውን አይረግጥም።

«ከፈራህ ቅር» አለው አስላክ። «ሽርጥ ታጥቀህ ከአያትህ ጋር ድንች ትልጣለህ። ቦታህን የሚፈልግ ሞልቷል።»

አይቪንድ አያቱን አየ፤ ልጅ ሳለ ውሻ ሲያባርረው ቀሚሳቸውን ይዞ ቀና ብሎ ያያቸው እንደነበረው። ቅር ቢሉት ይቀር ነበር።

«እማማ፣ ይበሉት እንጂ!» አለች ራንዲ።

አፋቸውን ከፈቱ። አስላክ ማኘኩን አቁሞ ትክ ብሎ አያቸው።

«ብርድ ነው» አሉ እማማ ማልፍሪድ፣ «የሱፍ ሹራብህን ደርብ፣ ልጄ።»

«ይኸው! አሮጊቷ እንኳ ትሻላለች!» አለና አስላክ ሥጋ ጨመረ።

አይቪንድ ሻንጣውን አነሣ። ሹራቡን ከተሰቀለበት ሳይነካው በሩን ከፍቶ ወጣ።