የማይመርጡ ዘመዶች

ሐሚዳ ጃርሶ ፒክአፑ ላይ ቆማ ድምፅ ማጉያውን ወደ አፏ ስታስጠጋ፣ ገና አንድ ቃል ሳትናገር ሕዝቡ እልል አለ። ሞያሌ ድንበር ዳር ያለው ሄሉ ሜዳ ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብላ አልጠበቀችም። ለካውንቲው ምክር ቤት ስትወዳደር የመጀመሪያዋ ነው። የምትወዳደረው በግሏ ነው፤ ደጋፊ ፓርቲ የላትም። የቅስቀሳው የመጨረሻ ቀን ደግሞ ዛሬ ቅዳሜ ነው። ጠዋት ከሰፈሯ ከማንያታ ስትወጣ የፈራችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባዶ ሜዳ ላይ ከድምፅ ማጉያው ጋር ብቻዋን መቅረት።

"ወገኖቼ!" አለች በደስታ። "እኔ የግመል ወተት ሻጭ ነኝ። ገበያችን ጣሪያ እንደሌለው ታውቃላችሁ። ወተታችን ናይሮቢ ሳይደርስ እዚሁ ፀሐይ ላይ ይበላሻል። ብትመርጡኝ መጀመሪያ የማሠራው ጣሪያውን ነው!"

እልልታው ቀለጠ። ሴቶቹ ቅጠል እያወዛወዙ ጨፈሩ፤ አንድ ሽማግሌ መሬቱን በከዘራቸው እየደቁ ዘፈን አወጡ። ሐሚዳ ማሸነፏን በዓይኗ ያየች መሰላት።

ደስ ያላለው ጄምስ ብቻ ነበር። ጄምስ ማንያታ ውስጥ ፎቶ ቤት አለው። ፖስተሯን ሊያትም ተቀብሎ በዚያው የቅስቀሳዋ ኃላፊ ሆኖ ቀረ። አማርኛን የለቀመው ከደንበኞቹ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነው የሚለው። ፒክአፑ ላይ ወጥቶ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ።

"ሐሚዳ፣ ስማኝ። ለኩራ የተመዘገበ እጁን ያውጣ በል።"

"ለምን?"

"ዝም ብለህ በል።"

ሐሚዳ ወደ ሕዝቡ ዞረች። "ማክሰኞ ድምፅ ለመስጠት የተመዘገባችሁ፣ እስቲ እጃችሁን አውጡ!"

ከኋላ የቆሙ የጥቂት ጎረቤቶቿ እጅ ወጣ። የቀረው ሕዝብ እጁን ከማውጣት ይልቅ አጨበጨበ። ይኼን ጊዜ ነው ሐሚዳ ፊቶቹን ልብ ብላ ያየቻቸው። ያ የአባቷ ያጎት ልጅ ነው። ያቺ ከድንበሩ ማዶ፣ ኢትዮጵያው ሞያሌ ውስጥ ጫማ የምትሸጠው የአክስቷ ምራት ናት። ሜዳውን የሞላው ዘመድ ነው፤ ዘመዱ ደግሞ የሚመርጠው ሌላ አገር ነው።

ሁለት አይሱዙ ሙሉ ሰው አስተባብረው ያመጡት የአባቷ እኅት አዳዳ ኸይራ ከፊት ቆመዋል።

"ለገዛ ልጃችን ደግሞ መመዝገብ ያስፈልጋል እንዴ?" ብለው ጮኹ። "ይኸው በአካል መጥተናል!"

"አዳዳ፣ እናንተ እዚህ አትመርጡም እኮ!"

"እሱንማ መች አጣሁት! የሰርግሽ ቀንስ የመጣነው እኛ ልናገባሽ ነበር? ልናደምቅሽ ነው እንጂ!"

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ሐሚዳም ሳቋ መጥቶ ነበር፤ ግን ከሜዳው ዳር አንድ ሰው ስልኩን ከፍ አድርጎ ሲቀርፅ አየች። ሰውየው የተፎካካሪዋ የሞሉ ነው፤ የምክር ቤቱን ወንበር አሁን የያዘው ሞሉ ነው። ሞሉ ሰሞኑን "ሐሚዳ የማዶ ሰው ናት፤ እዚህ ማን አላት?" እያለ ሲያስወራ ከርሟል። እዚህ ተወልዳ እዚህ ላደገች ሴት ይህ ወሬ ያንገበግባል። አሁን ደግሞ ማስረጃውን ራሷ በሁለት አይሱዙ አምጥታለታለች። ቪዲዮው ሳይመሽ በየስልኩ ይገባል። ታዲያ ምን ታድርግ? እልል ያሉላትን ሰዎች በምን አፏ "ሂዱልኝ" ትበል?

ድምፅ ማጉያውን እንደገና አነሳች።

"አንተ የምትቀርፀው፣ ቀረብ በል እንጂ፣ ከዚያ ሆነህ ድምፁ አይገባልህም! እነዚህ ዘመዶቼ ናቸው። የመጡት ከማዶ ነው፤ አንዳቸውም አይመርጡኝም። ከመካከላችን ማዶ ዘመድ የሌለው ካለ፣ እስቲ እሱ እጁን ያውጣ!"

አንድም እጅ አልወጣም። የሚቀርፀው ሰው ራሱ ሳቁ አምልጦት ስልኩን ኪሱ ከተተ።

እፍረቱ እንዲህ አለፈ፤ ጭንቀቱ ግን አልለቀቃትም። መራጮቿ የት ሄዱ? ከሰልፉ በኋላ ወተት ገበያ ስትደርስ አገኘቻቸው። ሁሉም በየጀሪካናቸውና በየጉልታቸው ተቀምጠዋል።

"ሱመያ፣ ምነው ጉድ ሠራችሁኝ?" አለቻት አብራት ወተት የምትሸጠውን ጓደኛዋን።

"ወተቱን ለማን ጥዬ ልምጣ? ማክሰኞም እንጃ። ባለፈው ምርጫ ሰልፉ ሲረዝምብኝ ሳልመርጥ ነው የተመለስኩት። ወተት ይጠብቃል እንዴ?"

"እኔም ሕፃን ይዤ መቆም አቅቶኝ ተመለስኩ" አለች ከጎኗ ያለችው።

አዳዳ ኸይራ ሊሰናበቱ ተከትለዋት መጥተው ነበርና ሁሉንም ሰሙ።

"ችግራችሁ ይኼ ነው?" አሉ። "እኛስ ስንሸጥ አይደል ያረጀነው! ሰኞ መጥተን እናድራለን። ማክሰኞ ወተቱንም ሕፃኑንም ለኛ ተዉልን፤ እናንተ ሄዳችሁ ምረጡ።"

ሴቶቹ ብድግ ብለው እልል አሉ። ሐሚዳ አክስቷን አቅፋ አገላብጣ ሳመቻቸው፤ እንባዋ መጣ፤ ደስ አላት።

አብሯት የመጣው ጄምስ ጣልቃ ገባ። "አንድ ነገር አለ። አንተን ለሚመርጡ ብቻ ከሆነ ጉቦ ነው፣ ያስከስሳል። ለሁሉም ከሆነ ግን ጉርብትና ነው።"

"ለሁሉም ስትል፣ ለሞሉ ሰዎችም?" አለች ሐሚዳ።

"ለሞሉ ሰዎችም።"

እልልታው ቀዘቀዘ። የሞሉ መራጮችም እኮ እዚሁ ገበያ ውስጥ ናቸው፤ እነሱም ሰልፉ ሲረዝም ወደ ጉልታቸው ይመለሳሉ። ሐሚዳ ለሁሉም ብትፈቅድ በገዛ ዘመዶቿ ጉልበት ልትሸነፍ ትችላለች።

ፊት ለፊት ቲማቲም የምትሸጠው ማርጋሬት ነገሩን ስትሰማ ቆይታ ሳቀች። ከጃንጥላዋ ዘንግ ላይ የሞሉ ፎቶ ተለጥፏል።

"ሐሚዳ፣ የኔስ ቲማቲም?" አለች። "ግን እንዳልዋሽሽ፤ ኩራዬ ለሞሉ ነው። የባሌም፣ የልጆቼም።"

ሱመያ የሐሚዳን ክንድ ቆነጠጠች። "ተያት" አለቻት በሹክሹክታ።

ሐሚዳ ቀና ብላ ገበያውን ከዳር እስከ ዳር አየች። አሠራዋለሁ ያለችው ጣሪያ በዓይነ ሕሊናዋ መጣባት። ቢሠራ ማርጋሬት ጋ ሲደርስ አይቆረጥም።

"አዳዳ" አለች ወደ አክስቷ ዞራ፣ "ማክሰኞ እርስዎ የማርጋሬት ቲማቲም ላይ ይቀመጡ። ከርስዎ የተሻለ ሻጭ የለንም።"