ከፊተኛው ረድፍ የታየ ፊልም

ትምህርት ብዙም አልገፋሁም፤ በፊልም ግን እኔን የሚያስተምር ሰው ገና አልተፈጠረም። አጎቴ ቾንግዪ በየመንደሩ ቤተ መቅደስ ደጃፍ ሸራ ወጥሮ ፊልም ያሳያል። ሰዎች የቤተ መቅደሱን አምላክ የለመኑት ሲደርስላቸው በምስጋና ፊልም ያሳዩታል፤ እኔም ገመድ እየጠቀለልኩ፣ ወንበር እየደረደርኩ ስንቱን አይቻለሁ። አንድ ፊልም የማይረባ መሆኑን ገና ስሙ ተጽፎ ሳያልቅ እነግራችኋለሁ።

ዘንድሮ የዓሣ አርቢው የአባባ ቱ ዓሦች ከብርዱ ተረፉላቸውና ለሁለት ምሽት ፊልም አስመጡ። የመጀመሪያው ምሽት ታዲያ ፊልም ይባላል? ሰውየው ደረቱ ላይ ሦስት ጥይት ተቀብሎ እናቱን፣ ሚስቱን፣ ፈረሱን ሳይቀር ይሰናበታል! ጭቃ ውስጥ ተንከባሎ ሲነሳ ሸሚዙ ነጭ ነው። እኔ የዓሣ ኩሬ ዳር ነው ያደግኩት፤ ጭቃ አውቃለሁ። ሚስቱ ደግሞ አለቀሰች ተብሎ ኩሏ እንኳ ንቅንቅ አላለም። መጨረሻ ላይ የመጣው መንታ ወንድሙማ ከየት እንደበቀለ እስካሁን የሚነግረኝ አጣሁ።

ይህን ሁሉ ያየሁት የፊተኛው ረድፍ መሃል ቁጭ ብዬ ነው። ያ ረድፍ ለአምላኩ የሚተው ነው፤ ሰው አይቀመጥበትም። ግን ወንበሩ አምስት፣ እሱ አንድ! ከኋላ የነበሩትም ቋሊማ የሚጠብሱ አንዲት አሮጊትና ውሻቸው ብቻ ናቸው።

ፊልሙ እንዳለቀ ብድግ አልኩ።

«አባባ ቱ፣ ምስጋናው ይሄ ነው? እኔ አምላኩን ብሆን ዓሦቹን መልሼ በብርድ እፈጃቸው ነበር!»

«ኧረ አፏ!» አሉ። «እስቲ የነገውን አንቺ ምረጪልን።»

«ልምረጥ! የአጎቴ ሳጥን ውስጥ አንድ ደህና ፊልም አለ። አሳየው ብዬ ሁለት ዓመት ለመንኩት።»

«አንቺ ልጅ፣ ተይ» አለ አጎቴ።

«ግዴለም፣ አምላኩን እንጠይቀው» አሉ አባባ ቱ። «አልወደድኩትም ካለ የነገው ያንቺ ነው።»

ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉትን፣ ሆዳቸው ጠፍጣፋ ጀርባቸው ጎባጣ የሆነ ሁለት እንጨቶች ከመሠዊያው አነሱ። አንዱ በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው ከወደቀ አምላኩ «አዎ» ብሏል ማለት ነው።

«ፊልሙን ወደድከው?» ብለው ወረወሩ። አንዱ በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው።

«አይቆጠርም! እጅዎ ተንቀጠቀጠ።»

ደገሙት። አዎ።

«ወለሉ ጠማማ ነው!»

ሦስተኛውን እኔው ወረወርኩ። አዎ!

አሮጊቷ መጥበሻቸውን ትተው ሳቁ። አባባ ቱማ ፊታቸው በራ።

«ሦስት ጊዜ! እንዲህ ከወደደውማ ነገም ይኸው ይደገምለት።»

ሁለት ዓመት የለመንኩት ፊልም በሦስት ውርወራ ቀረ።

በማግስቱም ሄጄ ወንበሬ ላይ ዘፍ አልኩ። ሰውየው ከጭቃው በነጭ ሸሚዝ ሲነሳ ግን መቻል አቃተኝ። ተነስቼ ሸራው ፊት ቆምኩና ጮህኩ፦

«እስቲ ይሄን ማን ነው የሚያየው?»

አጎቴ ከማሳያው ኋላ ሆኖ፣ «የተከፈተለት አምላክ ነዋ!» አለኝ። «አንቺን ማን ጠራሽ? ዞር በይ፣ ከለልሽው!»