ማንኪያው የለም

ፊልሙን ከልቡ ያየው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያንንም ሰው ሚስጥር በገዛ አፏ አባረረችው።

ነገሩ የሆነው በ2005 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ሚስጥር ሶዶ ከተማ ውስጥ በአንድ የወጣት ማዕከል የመዝናኛ ክፍል ባለሙያ ነበረች። የሥራው ስም ትልቅ ይምሰል እንጂ የፒንግ ፖንግ ራኬት እየቆጠሩ መረከብ፣ ሐሙስ ሐሙስ በአዳራሹ ፊልም ማሳየትና በየወሩ ሪፖርት መጻፍ ነበር። ቤተሰቦቿ የሚኖሩት ተበላ በምትባል ከተማ ነው። እሷ ሶዶ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ክፍሏ ውስጥ አልጋና አንድ ወንበር እንጂ ሌላ ስለሌለ፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሠራተኛው ሁሉ ወጥቶ ሲያልቅ እሷ ቢሮዋ ትቀራለች። ኤርፎኗን ጆሮዋ ላይ ሰክታ በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር የራሷን ታያለች።

የራሷ የምትለው «የጨው ጨረቃ» የተባለ የውጭ ተከታታይ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለች ስድስት ሴቶች ሆነው፣ አንድ አልጋ ላይ ተደራርበው፣ በአንድ ላፕቶፕ ያዩት ነበር። ሰባት ሰዎች በአንዲት አሮጌ መርከብ ጠፈር ለጠፈር ሲንከራተቱ ያሳያል። በመጨረሻው ክፍል ኦርና የምትባለው መካኒክ፣ ምድሯ ሁሉ ጨው በሆነች ጨረቃ ላይ፣ ባዶ ጣቢያ ውስጥ ብቻዋን ትቀራለች። መርከቧ ጥላት ትሄዳለች፤ ተከታታዩም እዚያው ላይ ቀጥ ይላል። ስድስቱ ልጆች ሦስት ቀን ሙሉ ተጨቃጨቁበት። ከዚያ ተመረቁና ተበታተኑ። ሚስጥር ሶዶ ከተቀጠረች ወዲህ ባሉት ሁለት ዓመታት አርባ ሁለቱንም ክፍል ሁለት ጊዜ ደግማዋለች።

በዚያ ዓመት ከተከታታዩ ተቀንጭቦ፣ ስለ ኦርና ብቻ የሚተርክ ፊልም ወጣ። ሚስጥር ወሬውን እንደሰማች ጅጅጋ ለምትኖረው ለዶርም ጓደኛዋ ለናጂያ መልእክት ላከች። «የኦርና ፊልም ወጣ።» መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ። «ያ ነገር አላለቀም እንዴ? ልጄ ጥርስ አወጣች።»

ሚስጥር ስልኳን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው። ፊልሙን ብቻዋን አይታ ብቻዋን ልትበሳጭ አልፈለገችም። አንድ ሰው ያስፈልጋት ነበር። አይቶ የሚጠይቃት፣ ጠይቆም የሚከራከራት አንድ ሰው። እንደዚያ ዓይነት ሰው ከሌለ በአዳራሽ ሰብስባ ልትፈጥረው ወሰነች፤ ፊልሙንም የሐሙስ ፕሮግራም አደረገችው።

ሠላሳ ስምንት ሰው መጣ። ግማሹ ዝናብ ያስገባው ነው። ሚስጥር ፊት ለፊት ቆማ የተከታታዩን ታሪክ አሥር ደቂቃ አስረዳች። ፊልሙ ተጀመረ። ኦርና በየማለዳው ጣቢያው ውስጥ ትነሳለች፣ ሬዲዮኑን ትከፍታለች፣ ከመርከቧ ከሚመጣ ድምፅ ጋር ታወራለች፣ ጨው ላይ ትራመዳለች። መጨረሻ ላይ የሚወስዳት ሌላ መርከብ ይመጣል። እሷ በእጇ «ሂዱ» ብላ ትመልሰዋለች። አዳራሹ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሳ። አንዱ ከኋላ «እንዴ፣ ትራንስፖርት መጥቶላት!» አለ፤ ሰው ሳቀ፤ መብራት በራ።

በዚያ ዘመን ሳይገመገም የሚያልፍ ነገር አልነበረም። ፊልምም ቢሆን። ለእያንዳንዱ ተመልካች ቅጽ ታደለ። ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን፣ ወደፊት ቢሻሻል የሚሉት።

ሚስጥር በማግስቱ ቢሮዋን ዘግታ ቅጾቹን አነበበች።

«ጠንካራ ጎን፦ የድምፅ ጥራት። ደካማ ጎን፦ ወንበሩ ይቆረቁራል።»

«ጨው በነጻ እያለላት ለምን አልነገደችም?»

«የመጣላትን መርከብ መመለሷ የአመለካከት ችግር እንዳለባት ያሳያል።»

አምስቱ ቅጾች በአንድ እጅ የተጻፉ ናቸው፤ አምስቱም ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር ያው ነው። «አንድ ለአምስት ተወያይተን እንደደረስንበት ፊልሙ ጥሩ ነው፤ ቢያጥር።» አንድ ሌላ ሰው ሁለቱን ጥያቄዎች ዘሎ ሦስተኛው ላይ «ኳስ» ብሎ ጽፏል።

ሠላሳ ስምንቱን ጨርሳ ልታስር ስትል አንድ ተረፈ። ሠላሳ ዘጠነኛ።

«ጠንካራ ፡ ጎን ፡ ዝም ፡ ማለቷ። ደካማ ፡ ጎን ፡ ማንኪያው ፡ የለም። ወደፊት ፡ ማንኪያዋን ፡ ይመልሱላት።»

ሚስጥር ወንበሯ ላይ ቀና አለች። ፊልሙ ውስጥ ማንኪያ የሚባል ነገር አልነበረም። ማንኪያው ያለው ተከታታዩ ውስጥ ነው። የመርከቧ ሽማግሌ ምግብ አብሳይ አንገቱ የተጣመመ የቆርቆሮ ማንኪያ ይሰጣታል፤ ኦርናም በክር አንገቷ ላይ ታንጠለጥለዋለች፤ ከዚያ በኋላ ከአንገቷ አውልቃው አታውቅም። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ረስተውታል። ሚስጥርም ሐሙስ ማታ ስትብሰለሰል ያደረችው በዚሁ ነበር። ትናንት ስታስረዳም አላነሳችውም። ስለዚህ ሶዶ ውስጥ «የጨው ጨረቃ»ን ያየ ሌላ ሰው አለ።

ሪፖርቱን ለኃላፊዋ ለአቶ ደገፉ ስታስገባ እሳቸውም ዓይናቸው ያረፈው እዚያው ላይ ነው።

«ይሄ ማንኪያ የሚለው ከካፌው አስተያየት ጋር ተቀላቅሎ ነው?»

«አይደለም፤ ስለ ፊልሙ ነው።»

«ፊልሙ ላይ ማንኪያ አለ እንዴ?»

«የለም።»

«ታዲያ የሌለ ነገር ምን ብሎ ይጠየቃል?» ቅጹን መለሱላት። «ሰማንያ አምስት በመቶው ረክቷል ብለሽ ጻፊ። ከሚቀጥለው ሐሙስ ጀምሮ ኳስ ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትሟገት ነበር። አሁን ግን ቸኩላለች። ፊልሙን በፍላሽ የሸጠላት ቡርሃን መናኸሪያው አጠገብ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለው፤ በምሳ ሰዓት እሱ ዘንድ ሮጠች።

«ከእኔ ሌላ ይሄንን ተከታታይ የወሰደ ሰው አለ?»

«ማን ይወስደዋል?» አለ ቡርሃን። «ፊልሙንም ላንቺ ብዬ ነው ከሐዋሳ ያስመጣሁት። ከፍቼ አየሁት ደግሞ። ሩብ ሰዓት ሙሉ አንዲት ሴት ጨው ታያለች። ጨውማ የወንድሜ ሱቅ ሞልቷል ብዬ ዘጋሁት።»

መንገድ ላይ ያንን ሰው በሐሳቧ ስትሠራው ሄደች። ምናልባት ሻንቶ ከተማ የሚያስተምር መምህር ነው። ምናልባት ኦቶና ሆስፒታል የሚሠራ ሐኪም። መነጽር አደረገችለት፤ ቁመት ጨመረችለት። ማዕከሉ ደርሳ ወደ መጸዳጃ ቤት ስትገባ በሩ ላይ የተለጠፈውን አሮጌ ወረቀት፣ ሁለት ዓመት በየቀኑ ያለፈችውን ወረቀት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው።

«ውሃ ፡ የለም። በባልዲ ፡ ተጠቀሙ።»

ከየቃሉ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ። ፊደሎቹ ክብና የተራራቁ፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል የቆጠረ ሰው እጅ። ወረቀቱን የጻፉት የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ የማርያምወርቅ ናቸው።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ እትዬ የማርያምወርቅ እንደ ወትሮው ባልዲና መወልወያ ይዘው ገቡ። አጭር፣ ሃምሳውን ያለፉ ሴት ናቸው። ሚስጥር ኤርፎኗን አልሰካችም፤ ሠላሳ ዘጠነኛውን ቅጽ ዘረጋችላቸው።

«እትዬ፣ ይሄን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

ባልዲውን አስቀመጡ። «ጥፋት ነው እንዴ? ሐሙስ ለታ ከአዳራሹ በር ቆሜ ሳይ ወረቀቱ ተርፎ አገኘሁት።»

«ኧረ ጥፋት አይደለም። ማንኪያውን ግን ከየት አወቁት?»

«ከዚሁ ነዋ።» በመወልወያው እንጨት ከሚስጥር ጀርባ ያለውን ጥግ አሳዩ። «ወለሉ እስኪደርቅ የምቆመው እዚያ አይደል? አንቺ ነገሩን ጆሮሽ ላይ ትሰኪያለሽ፤ እኔ ያለ ድምፅ አያለሁ። አንዳንዴም ከደረቀ በኋላ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ? ምነው ታዲያ አልነገሩኝም?»

«መቼ ዞርሽ?»

ሚስጥር ወንበሯን ወደ እሳቸው አዞረች። ከዚያ ወሬው ራሱ መጣ። እትዬ የማርያምወርቅ የአንዱንም ሰው ስም አያውቁም፤ ሁሉንም ራሳቸው ሰይመዋቸዋል። ኦርና «ዝምተኛዋ» ናት። ምግብ አብሳዩ «አባባ» ነው። የመርከቧ አዛዥ ደግሞ «ያ ደገፉን የሚመስለው»። ሚስጥር ሳቀች። ቢሮዋ ውስጥ ጮክ ብላ ስትስቅ የመጀመሪያዋ መሆኑ ታወቃት። የዳሞታ ተራራ በደመና ተሸፍኖ እስኪጨልም ድረስ አወሩ፤ ወለሉም ሳይወለወል ቀረ።

ወሬው መጨረሻው ላይ ደረሰ፤ ወደ ተመለሰው መርከብ።

«ተታልላ ነው» አለች ሚስጥር። «የበፊቷ መርከብ እኮ ተቃጥላለች። ሬዲዮ ላይ የሚያወራት ማሽን ነው። እሷ ግን ጓደኞቿ መስለዋት ትጠብቃለች።»

እትዬ የማርያምወርቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አልተታለለችም። ታውቃለች።»

«አታውቅም፣ እትዬ። በየቀኑ 'ነገ ትደርሳላችሁ' ትላቸዋለች።»

«ማለቱንማ ትላለች። ቤት ውስጥ ድምፅ ሲኖር ደስ ይላል፤ የማን ነው ተብሎ አይደለም። ግን ሰው የሚጠብቅ ሰው እጁ እንደዚያ አያደርግም። እጇን ብታዪው...»

«እትዬ» አለች ሚስጥር፤ ችኮላዋ ተነሳባት። «እኔ ሦስት ጊዜ ያየሁት ነገር ነው። እርስዎ እንግሊዝኛውን ሳይሰሙ እንዴት ይከራከሩኛል? ያዩት እኮ የራስዎን ተረት ነው።»

ተናግራ ሳትጨርስ ምን እንዳደረገች ገባት። ገባት እንጂ አልመለሰችውም፤ ልክ መስሏታልና።

«ይሆናል» አሉ እትዬ የማርያምወርቅ። «እኔ መቼ ሰማሁ።» ባልዲያቸውን አንስተው ወጡ።

ሰኞ ማታ አልመጡም። ማክሰኞም። ቢሮው ግን ጠዋት ጠዋት ተወልውሎ ይገኛል። ሚስጥር ሰዓቱ ሲደርስ ወደ ኋላ ዞር ትላለች። ጥጉ ባዶ ነው። ሁለት ዓመት ብቻዋን የነበረች መስሏት ኖራለች፤ ብቻ መሆን ምን እንደሆነ ያወቀችው ግን በዚያ ሳምንት ነው።

ረቡዕ ፊልሙን እንደገና ከፈተችው። ድምፁን አጠፋች። የጽሑፍ ትርጉሙንም አጠፋች። የኦርናን አፍ ትታ እጇን ተከተለች።

ተከታታዩ ውስጥ ኦርና ማልዳ ስትነሳ ሁልጊዜ ሁለት ኩባያ ታወጣለች፤ አንዱ የሷ፣ አንዱ የሽማግሌው። ፊልሙ ሲጀመር፣ በመጀመሪያው ማለዳ፣ ሁለቱን ታወጣለች። ትንሽ ታያቸዋለች። አንዱን መልሳ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ታስቀምጥና ትዘጋዋለች። ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው አንድ ኩባያ ብቻ ነው። አፏ «ነገ» ይላል፤ እጇ አንድ ኩባያ ያወጣል። ሚስጥር ይህንን ሁሉ ጊዜ የምትሰማው አፏን ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ሳይሞላ በካፊያ ቢሮዋ ደረሰች። ከስብሰባ አዳራሹ አንድ ወንበር አምጥታ ከራሷ ወንበር ጎን አስቀመጠች። ኤርፎኑን ነቅላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። እትዬ የማርያምወርቅ ሲገቡ ወንበሩን አዩ፤ ቀጥለው እሷን።

«በጠዋቱ ምነው?»

«ኩባያውን አየሁት» አለች ሚስጥር። «አንድ ብቻ ነው የምታወጣው። ልክ ነበሩ።»

«እህ» አሉ። ደስ አላቸውም አይባል፣ ከፋቸውም አይባል። ጎንበስ ብለው የቆሻሻ ቅርጫቱን አነሱ።

«ይቀመጡ እስቲ። ከመጀመሪያው ክፍል ጀምረን እንየው፤ እኔ እተረጉምልዎታለሁ።»

«አይ፣ ሚስጥርዬ። አንቺ ስትተረጉሚልኝ ያንቺ ይሆናል። የኔው ይበቃኛል።»

«እሺ አልተረጉምም። ዝም ብለን እናያለን።»

እትዬ የማርያምወርቅ ወንበሩን ትንሽ አዩት። ከዚያ «ወለሉ ርጥብ ነው» እንደሚል ሰው፣ ያለ ቂም፣ «አንቺ ዝም ማለት አትችይም» አሉ።

ማያ ገጹ ላይ ኦርና አንድ እግሯን ጨው ላይ እንዳነሳች ቆማለች።

እትዬ የማርያምወርቅ ይህንን በር ዘግተውት አያውቁም፤ ወለሉ እንዲደርቅ ሁልጊዜ ክፍቱን ነበር የሚተዉት። ዛሬ ቅርጫቱን በብብታቸው ይዘው ወጡና በሌላው እጃቸው ቀስ አድርገው ከኋላቸው ዘጉት።