ድንቡሼን ዘበኛ ማድረግ

ነገሩን ያመጣው ብርድ ልብስ ነው። ሾፌሩ ጋራዥ ሄዶ የመኪናውን ዘይት ሲያስቀይር፣ ሚስቱ አጥባ ግቢው ውስጥ ያሰጣችውን ወፍራም ብርድ ልብስ ዓይኑን በጨው የታጠበ አንድ ሌባ በጠራራ ፀሐይ ከገመዱ ላይ አወረደና አጣጥፎ በብብቱ ሸጉጦ ወጣ። መስረቁስ ባልከፋ፤ ሌባ መቼም ሌባ ነው። የከፋው የውሻው ነገር ነው። ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ ከሱቁ በር ላይ ቆሞ እንዳየው ከሆነ፣ ድንቡሼ ጭራውን እየቆላ ሰውዬውን እስከ መታጠፊያው ድረስ ሸኝቶ፣ ራሱን አስደባብሶ ነው የተመለሰው።

“እኔማ ዘመዳችሁ መስሎኝ” አለ ፀጉር አስተካካዩ። “ውሻው እኮ ‘ደህና ግባ’ ማለት ነው የቀረው።”

ሰፈሩ ሳቀ። ሾፌሩም ሳቀ፤ የእሱ ሳቅ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ከወሩ የሚበዛውን ቀን መንገድ ላይ ነው የሚያሳልፈው። ቤቱ ውስጥ የሚቀሩት ሚስቱና ልጁ ብቻ ናቸው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳሎኑን በመጋረጃ ለሁለት ከፍላ፣ የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር አስጠግታ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ልጁ ገና ጥርሷን እየቀየረች ነው፤ ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር አንዱ ወልቆ ወይም ሌላው በቅሎ ስለሚጠብቀው፣ ፊቷን እንደ አዲስ ይለማመደዋል።

ሦስተኛው የቤቱ ሰው ድንቡሼ ነው። ሰው ነው ብንል ማንም አይቀየመንም። አንዱ ጆሮው ቆሞ አንዱ የተደፋ፣ ሆዱ ከእግሩ የሚቀድም ውሻ ነው። ምንም ሥራ የለውም እንዳይባል ግን አንድ ሙያ አለው፤ የሾፌሩን መኪና ድምፅ ከሌላው መኪና ሁሉ ለይቶ ያውቃል። ገና ከመታጠፊያው ጥሩምባው ሲሰማ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ይወጣና፣ ሰውዬው ከጋቢናው ሳይወርድ ደርሶ ጎማው ሥር ይንከባለላል። ሾፌሩ ለማንም ተናግሮት አያውቅም እንጂ፣ የመጨረሻውን አቀበት ሲወጣ ድካሙን የሚያስረሳው ይህን አቀባበል ማሰቡ ነው።

ይህንኑ ውሻ ነው እንግዲህ በማግስቱ ከምሳ በፊት የከሰሰው።

“ይሄ ውሻ መሠልጠን አለበት” አለ።

“ምን ሊሆን?” አለች ሚስቱ፣ በከንፈሯ የያዘችውን ስፒል ሳታወርድ።

“ዘበኛ ነዋ! ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። የእኛው በበላበት ይተኛል።”

“ደንበኞቼስ? እኔ ወገባቸውን ልለካ ስል እሱ ባታቸውን ሊለካልኝ ነው?”

“ደንበኛና ሌባ እንዲለይ ነዋ የሚሠለጥነው።”

“አንተ ራስህ መቼ ትለያለህ? ያንን የተጣፈ ጎማ አዲስ ነው ብሎ የሸጠልህን ሰውዬ ቤት አምጥተህ ምሳ አላበላኸውም?”

ልጅቷ ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ድንቡሼ ላይ ጭና ትሰማለች። “ድንቡሼ ጥሩ ልጅ ነው” አለች። “ለምንድን ነው ክፉ የምታደርጉት?”

ሾፌሩ የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። “ብርድ ልብሱን ይውሰደው፤ ይሙቀው። ግን ያ ሰውዬ ገብቶ ሲወጣ እናንተ ውስጥ ነበራችሁ። የስፌት መኪናሽ ያጓራል፤ ምንም አልሰማሽም። እኔ ነገ መሪ ስይዝ ምን እያሰብኩ ነው የምነዳው?”

ሚስቱ ስፒሏን ከአፏ አውጥታ አየችው። ፈራሁ ማለት አያውቅበትም። አሁንም አላለም፤ እሷ ግን ሰማችው።

“እሺ” አለች። “ወንድሜን እናናግረዋለን።”

ወንድሟ ከዱቄት ፋብሪካ በጥበቃነት ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሰፈሩ ኮማንደር ይለዋል። ማዕረጉን የሰጠው ፊሽካው ነው፤ ጡረታ ሲወጣ የደንብ ልብሱን አስረክቦ ፊሽካውን ረሳሁ ብሎ አስቀርቷል። በነጋታው መጣና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ድንቡሼን ዙሪያውን እየዞረ አየው። ድንቡሼ ጫማውን ላሰለት።

“ጉቦ!” አለ ኮማንደር። “ገና በመጀመሪያው ቀን ጉቦ!”

“ጋሼ፣ ይሆናል ብለህ ነው?”

“ስንት የሰው ልጅ ያሠለጠንኩ ሰው ነኝ፤ እንኳን ውሻ! አንተ ብቻ በሰላም ሄደህ ና። ስትመለስ ይሄ ግቢ ዝንብ አያስገባም።”

ሾፌሩ ሲሚንቶ ጭኖ ወጣ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ጉዞ ደህና እንቅልፍ ተኝቷል። በስልክ የሚሰማው ሁሉ ደስ የሚል ነበር። ድንቡሼ መጮህ ጀመረ፤ ድንቡሼ ጥርሱን አሳየ፤ ኮማንደር ሌባ ሆኖ በአጥሩ ሲዘል ድንቡሼ እጅጌውን ይዞ አልለቅም አለ። “ወፍራም ልብስ በጥጥ ሞልቼ ሰፋሁለት” አለችው ሚስቱ እየሳቀች። “ብታየው ቆሞ የሚሄድ ፍራሽ ነው የሚመስለው።”

“ልጄስ?”

“ደህና ናት። ሥልጠናው ሲጀመር ግን ታለቅሳለች። ውሻው ሲቆጣ ትፈራለች መሰለኝ። ትለምደዋለች።”

“ትለምደዋለች” አለ እሱም።

መንገዱ ከታሰበው በላይ ረዘመ። ማራገፊያው ጋ ወረፋ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ጭነት ተገኘ። በመጨረሻ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ሲደርስ፣ ጢሙ አድጎ፣ ቱታው ናፍጣና ቅባት ጠጥቶ እንደ ቆርቆሮ ደርቋል። ለሚስቱ ጥሩ የብረት መቀስ፣ ለልጁ ባርኔጣ፣ ለድንቡሼ ቀይ ኳስ ይዟል። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ጥሩምባውን ነፋ።

ማንም አልመጣም።

ደግሞ ነፋ። መኪናውን አቁሞ ጋቢናው ውስጥ ትንሽ ጠበቀ። ሥራ ላይ ይሆናል አለ በልቡ፤ ዘበኛ በሩን ትቶ አይሄድም። በዚህ እየተጽናና ወርዶ የግቢውን በር ገፋ አደረገ።

ድንቡሼ በሩ ጀርባ ቆሟል። የጀርባው ፀጉር ተነስቷል፤ የተደፋው ጆሮው እንኳ ቆሟል። ከዚያ ሆድ ይወጣል ተብሎ የማይታሰብ ድምፅ እያወጣ ያጉረመርማል።

“ድንቡሼ! እኔ ነኝ እኮ!”

እጁን ዘረጋለት። ውሻው ዘሎ እጅጌውን ያዘ። ጥርሱ ሥጋ አልነካም፤ ጨርቁን ግን ይዞ እየነቀነቀ ወደ ኋላ ጎተተው። ሾፌሩ እንደምንም ክንዱን አስለቅቆ ወጣና በሩን ዘጋው። ከውስጥ ጩኸቱ ቀጠለ።

አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ኳሱ አሁንም በእጁ ነው። መጀመሪያ ሊስቅ አሰበ፤ ሳቁ አልመጣም። ስንት መንገድ ሄዷል፣ ብዙ ቦታ ከርሟል፤ ተረስቶ ግን አያውቅም። ውሻ እንዲህ ከረሳኝ ልጄስ? ጥርስ በቀየረች ቁጥር የእሷ ፊት እንግዳ ሲሆንብኝ፣ የእኔስ ፊት ለእሷ? በዚያ ሰፈር ውስጥ ያኔ ከእሱ የባሰ ብቸኛ ሰው አልነበረም ብንል አላጋነንም።

“ምነው ሾፌሩ፣ ከበራፍ?” አለ ፀጉር አስተካካዩ ከማዶ።

“ነፋስ እየተቀበልኩ።”

“ከመንገድ ለመጣ ሰው ደግሞ ምን ነፋስ አነሰው?”

ይህን ሲባባሉ ኮማንደር ፊሽካው ደረቱ ላይ እየተንጠለጠለ ደረሰ። የውሻውን ጩኸት ሲሰማ ፊቱ በራ። “አልኩህ አይደል? ዝንብ አያስገባም አላልኩህም?” አለና የሾፌሩን ፊት አየ። “ቆይ... አንተንም?”

“በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ጋሼ።”

ኮማንደር አጠገቡ ተቀመጠ። ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተው።

ሚስቱና ልጁ ዩኒፎርም አስረክበው ሲመለሱ ያገኟቸው ሁለቱ እንደ ተባረረ ተማሪ በራፍ ላይ ተደርድረው ነው። ልጅቷ ከሩቅ አየችውና “አባዬ!” ብላ ሮጠች። ሾፌሩ እጁን ዘረጋ። እሷ ግን ልትደርስበት ትንሽ ሲቀራት ቀጥ ብላ ቆመች፤ ዓይኗ ደረቱ ላይ ተተከለ።

“አባዬ አውልቀው! ቶሎ በል አውልቀው!”

“ምኑን ልጄ?”

“ቱታውን! ድንቡሼ እኮ ሌባው መስሎት ነው!”

ሚስቱ የያዘችውን ዘንቢል መሬት ላይ ለቀቀችው። “ወይኔ ጉዴ!” አለች አፏን በእጇ ይዛ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለኮማንደር የሌባ ልብስ ስታዘጋጅ፣ ጥርስ የማያሳልፍ ጨርቅ ስትፈልግ፣ ከቤቱ ሁሉ ወፍራም ሆኖ ያገኘችው የባሏን አሮጌ ቱታ ነው። ናፍጣው ጨርቁን አድርቆት አጥባውም አልለቀቀም፤ እንዲያውም ጠነከረ ብላ ደስ አላት። ጥጥ ሞልታ ሰፋችው። ኮማንደር እሱን ለብሶ ከሰዓት ከሰዓት በአጥሩ ሲዘል ሰነበተ። ድንቡሼም ጎበዝ ተማሪ ሆኖ፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ሰው ሁሉ መነከስ እንዳለበት ተማረ።

“እንዴት አላሰብሽውም እቴ?” አለ ኮማንደር፣ ለብሶት የሰነበተው እሱ እንዳልሆነ ሁሉ።

“ይሸታል ብዬ መቼ አሰብኩ!” አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ። “እኔ ያ ሽታ አይሰማኝም። ለእኔ የቤቴ ሽታ ነው።”

ሾፌሩ ልጁን አያት። “አንቺስ? የምታለቅሽው ድንቡሼን ፈርተሽ አልነበረም?”

ራሷን ነቀነቀች። “አንተን እያስነከሱህ ነበራ። እኔ ተዉ አልኳቸው። ማንም አልሰማኝም።”

ይህን ጊዜ ሾፌሩ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ፈርታ መስሎት “ትለምደዋለች” ያለው እሱ ራሱ ነው። ለካ ይህን ሁሉ ቀን እሱ መንገድ ላይ ተረጋግቶ ሲተኛ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ እዚህ ቆማ ስለ እሱ ታለቅስ ነበር። ተረሳሁ ብሎ ድንጋይ ላይ መቀመጡ አሳፈረው።

ዚፑን ሳበና ቱታውን እዚያው መንገድ ላይ አወለቀው። ካናቴራና ቁምጣ ብቻ ቀረ። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ላጭቶ ትቶት መንገዱን ተሻግሮ መጣና፣ የሥራ ሽርጡን ወገቡ ላይ አሰረለት። “ሰፈራችን ውስጥ ሴቶች አሉ” አለ ቆፍጠን ብሎ።

ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ገባና መሬት ላይ ተንበረከከ። ድንቡሼ አጉረመረመ፤ ቆመ፤ አፍንጫውን ዘረጋ። አንገቱን አሸተተ፤ እጁን አሸተተ። ከዚያ የተደፋው ጆሮው ተመልሶ ተደፋ። እያላዘነ ሆዱን መሬት ላይ እየጎተተ መጥቶ ጉልበቱ ሥር ገባ፤ ፊቱን ላሰው፤ ጢሙን ላሰው፤ ከደስታው ብዛት የፀጉር አስተካካዩን ሽርጥ አረጠበው። ልጅቷም ላያቸው ላይ ወደቀች። ሾፌሩ ሁለቱንም አቅፎ እየሳቀ አለቀሰ፤ ማንም ደግሞ አላሾፈበትም።

ሲረጋጉ ኮማንደር ጉሮሮውን ጠረገ። “እና... ሥልጠናው ይቀጥላል? አዲስ ልብስ ሰፍታ፣ ሌላ ሽታ አድርገንበት...”

“አመሰግናለሁ ጋሼ። ተማሪህ ጎበዝ ነው። ግን ይብቃው፤ ይመረቅ። እኔ ስመጣ የሚሮጥልኝ እንጂ የሚነክስልኝ አልፈልግም።”

“ስትሄድስ?” አለች ሚስቱ። አጠገቡ ቁጭ ብላ ትከሻው ላይ ያለውን አቧራ እየጠረገች ነው። “መሪ ስይዝ ምን እያሰብኩ ነው የምነዳው ብለህ አልነበር? ያ ስጋትህስ?”

ሾፌሩ የውሻውን ጆሮ አሻሸ።

“ስጋቴን ጭኜው እሄዳለሁ” አላት። “ያ መኪና ከዚህ የከበደ ጭኖ ያውቃል።”